ከኔዘርላንድ የሚመርቅ የከሚሴ ሰው

ጋሽ አብዱልጀባር ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ኖረዋል ብል አላጋነንኩም። ክፍሉ መዝገብ ቤት ይባላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከሚሴ ውስጥ ቢሮ ከሱቅ ስለሚበዛ ፈልጋችሁም አታገኙትም። ደብዳቤ ይመጣል፣ እሳቸው ቁጥር ይሰጡታል፣ ፋይል ውስጥ ያስገቡታል፣ ፋይሉን መደርደሪያ ላይ ይሰቅሉታል። ደብዳቤው እዚያ ተቀምጦ እስኪረሳ ይጠብቃል። ብዙም አይጠብቅም።

እኔ ቶፊቅ እባላለሁ፤ የዚያው መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለምትጠይቁኝ፣ ኮምፒውተር ሲቆም አጥፍቶ ማብራት ነው። ለዚህም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬያለሁ።

ጋሽ አብዱልጀባርን ከተማው የሚያውቃቸው ግን በመዝገብ ሳይሆን በአፋቸው ነው። አፋቸው ይይዛል ይባላል። እሳቸው የመረቁት ትዳር አይፈርስም፣ እሳቸው የመረቁት መንገደኛ እንደወጣ አይቀርም። ሰርግ ካለ ይጠራሉ፣ እርቅ ካለ ይጠራሉ፣ ባጃጅ የገዛ ሰው ታርጋ ሳያስለጥፍ መጀመሪያ እሳቸው ደጅ አምጥቶ ያቆማታል። የቢሮ ስብሰባ እንኳ ያለ እሳቸው መረቃ አይከፈትም። የዓመቱ እቅድ አፈጻጸማችን ሃያ ሦስት በመቶ መሆኑን ሳይ ግን ዱዓ እቅድ ላይ እንደማይሠራ ተረድቻለሁ።

መረቃቸው የራሳቸው ነው፤ ካባታቸው የወረሱት፣ አባታቸውም ከአያታቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጀምራሉ።

«ያ ረቢ፣ የወጣውን በሰላም መልሰው። የተጣላውን አስታርቀው። የጨፋን ሜዳ ከሣር፣ ቤታችንን ከእንግዳ አታጉድል። ውሃን ከምንጩ፣ ልጅን ከጡቱ አትለይ። ላልበላው ሳታበላ እኛን አታጥግበን።»

በየመሀሉ ሰው «አሚን» ይላል። ያገሬ ሰው በመንግሥት አያምንም፣ በሐኪም በግማሽ ያምናል፣ በነጋዴ ጨርሶ አያምንም። አሚን ሲል ግን ከልቡ ነው።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። በ2008 የእኛ ሰፈር የውሃ ጉድጓድ ሞተር ተቃጠለና ቧንቧው ደረቀ። ሴቱ ሁሉ ጄሪካን ይዞ ወደ ቦርከና ወረደ። ቦርከና ደግሞ ከላይ ከተማ የጠላውን ሁሉ ይዞልን የሚመጣ ወንዝ ነው። የጋሽ አብዱልጀባር ባለቤት ወይዘሮ አሻ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሴት፣ በቀን ሁለቴ ይመላለሱ ነበር። መሥሪያ ቤታችን «ሞተር ተጠይቋል፣ በትዕግሥት ጠብቁ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሕዝቡም ጠበቀ፤ ጥማት ደግሞ መጠበቅ አይችልም።

አንድ ቀን መዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ገባ። ጋሽ አብዱልጀባር ቁጥር ሊሰጡት ሲሉ አነበቡት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ደብዳቤ ሲያነቡ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩ መጥቷል ይላል። ከመጣ ሰባት ወሩ ነው፣ ከመጋዘን ውሰዱልን፣ ቦታ ይዞብናል ይላል። በጎኑ ኃላፊያችን አቶ ሙሐመድዘይን በእጃቸው «የክብር እንግዳ እስኪገኝ ይቆይ» ብለው ጽፈውበታል።

ለካ ሞተሩ ሪባን የሚቆርጥለት ሰው እየጠበቀ ነው። እንግዳው ሲመጣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ለሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርቱ ለሹመት ይሆናል። ውሃው ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢመጣ ምን ይጎዳዋል?

በ2009 መግቢያ ላይ የሞባይል ዳታ ጠፋ፣ ፌስቡክም ተዘጋ። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ፖለቲካ አልወድም፣ እሱም እኔን አይወደኝም። የቀረን በመስመር የሚመጣው የሶፍያ ጁስ ቤት ዋይፋይ ብቻ ነበር። ሶፍያ ከአስፋልቱ ዳር በረንዳ ያላት ጠንካራ ሴት ናት። ጁስ ያዘዘ ፓስወርድ ይነገረዋል፤ ውሃ ብቻ ያዘዘ ደግሞ ወንዙ የት እንዳለ ይነገረዋል። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ፌስቡክ ግን «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ሁላችንም የት እንዳለ እናውቅ ነበር።

ከዚያ ቪፒኤን መጣ። ስልክ ላይ ይጫናል፤ ሲበራ ከስክሪኑ አናት ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ከሚሴ መሆኑን ይክዳል። የተዘጋው ሁሉ ይከፈታል፣ ማን እንደከፈተውም አይታወቅም። የሶፍያ በረንዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ መሰለ።

«ዛሬ የት ነህ?» ይላል አንዱ ሳምቡሳውን እያኘከ።

«ሲንጋፖር። አንተስ?»

«እኔ ገና ከሚሴ ነኝ። አልያያዝ አለኝ።»

መቼም የኛ ብልጠት ይገርመኛል። ከአዲስ አበባ እንዳንታይ አራት አገር አቋርጠን እንደበቃለን፣ ከዚያ ስልካችንን ገልጠን ጎረቤት ለጎረቤት ትከሻ ለትከሻ እንቀመጣለን። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። አቶ ሙሐመድዘይንም ይመጡ ነበር፤ እሳቸው ግን ለሥራ ጉዳይ ነው። ስልካቸው አናት ላይ ያቺን ቁልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ እሷም ለሥራ ጉዳይ መሆን አለባት።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጋሽ አብዱልጀባር በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ሁሉም ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ሰላምታው አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ የሁሉም እናት፣ የሁሉም ከብት፣ የሁሉም ማሳ ተጠየቀ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ።

«ቶፊቅ፣ ያን ሰው የማይታወቅበትን ነገር ለኔም ጫንልኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት ነው ጋሼ?»

ስለ ደብዳቤው ነገሩኝ። «አሻ ወገቧ ሊቆረጥ ነው። ሞተሩ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። እኔ ደግሞ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ ልስቀለው? ሂን ታኡ፣ አይሆንም!»

«ጋሼ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት። ቢታወቅብዎት ያባርሩዎታል። ጡረታውም ይቀራል።»

«አይታወቅም አላልክም እንዴ?»

ጫንኩላቸው። ቁልፏ ወጣች። «አሁን የት አገር ነን?» አሉኝ። ኔዘርላንድ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሰላም ናቸው?» አሉኝ።

ስም ማውጣት ላይ ደግሞ ተጣላን። እኔ «የቦርከና ነብር» የሚል ነገር አመጣሁ። እሳቸው ውሸት ነው፣ እኔ ነብር አይደለሁም አሉ። በመጨረሻ «አብደላ» ተባሉ፤ ትርጉሙ የአላህ ባሪያ ነው፣ ባሪያው ደግሞ ነኝ፣ ውሸት የለበትም ብለው። ከዚያ ጽሑፋቸውን በወረቀት አርቅቀው አመጡልኝ። መጀመሪያው ላይ ምን አለ? «ያ ረቢ፣ የወጣውን በሰላም መልሰው። የተጣላውን አስታርቀው። የጨፋን ሜዳ ከሣር፣ ቤታችንን ከእንግዳ አታጉድል...» ሙሉው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል!

«ጋሼ፣ ይህን ያጥፉት» አልኳቸው። «በዚህ መረቃ እርስዎን የማያውቅ ሰው ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ የለም። ስምዎን ከመጻፍ በምን ተለየ?»

«ስንት ሰው ያነበዋል አልከኝ?»

«ሺህም ሊሆን ይችላል።»

«ሺህ ሰው ፊት ቆሜ ሳልመርቅ አፌን ልክፈት? ያላሳደጉኝ ነኝ?»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ እምቢ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ጽሑፉ እንዳለ ወጣ። ከመረቃው በታች የደብዳቤው ነገር ነበር፤ መቼ እንደመጣ፣ ሞተሩ የት እንዳለ፣ ማን ምን ብሎ እንደጻፈበት። ስድብ የለበትም። አቶ ሙሐመድዘይንን እንኳ «ወንድማችን» ነው ያሏቸው።

በማግስቱ የሶፍያ በረንዳ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከጽሑፉ ሥር አስተያየት ተደርድሯል። አስተያየት ብዬ ነው እንጂ አንድ ቃል ነው፤ አሚን። «የጨፋ አንበሳ» አሚን አለ። «ማንነቴ አይታወቅም» አሚን አለ። «ቆንጆዋ ከጅዳ» የተባለው የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሰውዬ፣ አሚን ብሎ ሁለት አበባ ጨመረበት። እኔም በሌላ ስም አሚን አልኩ። መረቃ ሲሰማ አሚን ሳይል የሚያልፍ ሰው የለማ!

ሁሉም ማን እንደጻፈው አውቋል። ማንም ግን አልተናገረም። ጋሽ አብዱልጀባር በረንዳው ላይ ብቅ ሲሉ ሰው ተነስቶ «ጋሼ፣ አብደላ የሚባል ሰው የጻፈውን ሰሙ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ኧረ? ምን አለ?» ይላሉ፤ ውሸት አልችልም ያሉት ሰውዬ። ሰውዬው ከሥር ከሥር ያነብላቸዋል፣ እሳቸው እንደ አዲስ እየሰሙ «ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው» ይላሉ። ሦስት ጽሑፍ ጻፉ፣ ሦስቱም በመረቃ ጀመሩ። ከተማው በሙሉ አንድ ምስጢር ጠበቀ፤ እኔ ከተማችን ምስጢር የምትጠብቅ አይመስለኝም ነበር።

አቶ ሙሐመድዘይን በአራተኛው ሳምንት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። የተዘጋ ገጽ ከፍቶ፣ የመሥሪያ ቤት ምስጢር አውጥቶ የጻፈው ማን እንደሆነ ይጣራ ተባለ። የቴክኒክ ጉዳይ ስለሆነ የኮሚቴው ጸሐፊ ማን ሆነ? እኔ። በሬ ካራጁ ይውላል ይሏል ይኼ ነው፤ በሬው እኔ ልሁን አራጁ እኔ ልሁን ግን ለራሴም አልገባኝም። ሁለት ሳምንት አጣራሁና ሪፖርት አቀረብኩ፤ ጸሐፊው ነዋሪነቱ ኔዘርላንድ መሆኑ ተረጋግጧል አልኩ።

«ኔዘርላንድ ያለ ሰው» አሉ አቶ ሙሐመድዘይን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «በጎን የጻፍኩትን የእጅ ጽሑፌን በምን አየው?»

«ቴክኖሎጂው በጣም ረቋል» አልኩ።

አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ። የሳቸው ፈገግታ ጥሩ ነገር ይዞ አያውቅም። «እንግዲህ ቴክኖሎጂው ካቃተን አባቶቻችን በሚያደርጉት እናደርጋለን» አሉኝ።

አባቶቻችን የሚያደርጉት ይህ ነው። ከብት ተሰርቆ፣ ወይ እህል ተቃጥሎ ያደረገው ሰው ካልታወቀ፣ አገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ያየ ይናገር ይባላል። የሚናገር ከጠፋ ያልታወቀው ሰው ይረገማል። አፉ የሚይዝ አዋቂ ይቆማል፣ ይረግማል፣ ሕዝቡ አሚን ይላል። አሚን የተባለበት እርግማን እንደ ወጥመድ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ባለቤቱን ፈልጎ ይይዛል። የሚፈታውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አሚን ያለው ሰው እንደዚያው በጉባኤ ፊት ቆሞ «አሚኔን መልሻለሁ» ካለ።

ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛ ሁሉ አዳራሽ እንዲገባ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ረጋሚው ማን እንደሆነ ለመገመት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ጋሽ አብዱልጀባር ከስብሰባው በፊት ወደ ቢሮዬ ገቡና በሩን ዘጉት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ራስህን ርገም እያለኝ ነው» አሉኝ። «አውቆ ነው ቶፊቅ። ይህ ሰው አውቆኛል።»

አውቀው ነው፤ እኔም አላጣሁትም። ማባረር ቢፈልጉ ማስረጃው የተዘጋ ገጽ ላይ ነው፤ የተዘጋ ገጽ እንዴት አነበቡ ቢባሉስ? ስለዚህ ፍርዱን ለሰውዬው ራሱ ሰጡት። እምቢ ካለ ራሱን አጋለጠ፣ ያኔ ይባረራል። እሺ ካለ በገዛ አፉ ይቀጣል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ሞተር ማስተከል ያቃተው!

«ታምሜያለሁ ብል?»

«ይበልጥ ይታወቅብዎታል።»

«ጡረታዬ...» አሉ። «ልጆቹ ገና ናቸው። አሻ እንደምታያት ናት።»

«ጋሼ፣ ቃል ብቻ እኮ ነው» አልኳቸው። «ብለው ይውጡ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ቃል ብቻ? ሠላሳ ዓመት ሰው በሬን የሚያንኳኳው ለምኔ ነው? ለመልኬ ነው?»

ፈርቼ ነበር፤ ለሳቸውም ለራሴም። ስልካቸው ላይ ቪፒኤኑን የጫንኩት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ኡምኩልሱም ሳትቀር መጥረጊያዋን በር ላይ ጥላ ገብታለች። አቶ ሙሐመድዘይን ስለ ዲጂታል ሥነ ምግባር ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ያወቀ ይናገር አሉ። መቶ ሰው ጣራ ጣራውን አየ። የጨፋ አንበሳም፣ ማንነቴ አይታወቅምም፣ ቆንጆዋ ከጅዳም ምንም አላወቁም።

«እንግዲያስ ጋሽ አብዱልጀባር ይነሱልን» አሉ ኃላፊው። «አፋቸው የሚይዝ አባት እያሉን ምን ያስጨንቀናል?»

ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ። መረቃውን አላስቀደሙም፤ በሕይወቴ ሳይመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያ ረቢ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና ጀመሩ። «ያ ረቢ፣ ይህን የጻፈው ሰው... ምላሱ ይታሰር። ከአፉ የወጣ ቃል ለማንም አይድረስ።»

ጠበቁ። አሚን የሚባልበት ቦታ ነው።

አዳራሹ ዝም አለ። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ አልሰማሁም። ኡምኩልሱም እጇን ከዘረጋችበት ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው፣ መዳፉ ወደ መሬት። ከጎኗ ያለችውም እንደዚያው አደረገች። የሒሳብ ክፍሉ ጢማም ከንፈሩን ነከሰ። ያ የምሰድበው፣ በሴት ስም አበባ የሚልከው፣ ሐሜት ሳይጠጣ የማያድር ሕዝብ አንድ ላይ አፉን ዘጋ። አሚን ያልተባለበት እርግማን መሬት ላይ ይቀራል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሰውየውን ሊያድኑት ነው።

«ቤቱንም! ዘሩንም!» አሉ አቶ ሙሐመድዘይን ከመድረኩ።

«ምላሱ ይበቃል» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር።

«አሚን!» አሉ ኃላፊው ብቻቸውን፣ ጮክ ብለው። ከዚያ አዳራሹን መቃኘት ጀመሩ። ከፊት ጀምረው ረድፍ በረድፍ፣ ፊት በፊት። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሳይሰብር ዝም ብሎ አያቸው። ዓይናቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ኮሚቴው የተቀመጠበት ላይ ደረሰና እኔ ላይ ቆመ።

«አሚን» አልኩ።

ከመቶ ሰው መሀል ሁለት አሚን ተሰማ። ጋሽ አብዱልጀባር ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ድምፄን ሲሰሙ ገለጡት። ወደ እኔ አልዞሩም። የዘረጉትን እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉና ተቀመጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ያልታወቀው ግለሰብ በሙሉ ድምፅ ተረግሟል» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ነኝ አላልኳችሁም?

ከወር በኋላ የክብር እንግዳው ተገኘ፣ ሞተሩ ተተከለ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቧንቧው ጮኸና ውሃ ተፋ። ወይዘሮ አሻ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እልል አሉ። ጋሽ አብዱልጀባርን መርቁ ብለው ሲጠሯቸው ጉሮሮዬን አሞኛል አሉ። ከዚያ ሰርግ ላይ ጉሮሯቸውን አመማቸው፣ እርቅ ላይ አመማቸው። ባለ ባጃጆቹ ደጃቸው ላይ ቆመው ቆመው ወደ ሌላ ሰው መሄድ ጀመሩ። ጡረታቸውን ግን በ2011 አንድ ሳንቲም ሳይጎድል አስከበሩ። እኔም በልቤ ያንን እያሰብኩ እጽናና ነበር። ደግሞም መንግሥት ተለወጠ፣ የተዘጋው ሁሉ ተከፈተ፣ ቪፒኤኑን ሰው ከስልኩ አጠፋ። ታዲያ ምን የቀረ ነገር አለ? ያለፈ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት አገባሁ። እናቴ ዘሃራ ሌላውን ሁሉ ለኔ ትታ አንድ ነገር ብቻ ያዘች፤ ኒካሑን ጋሽ አብዱልጀባር ካልመረቁት ሰርግ የለም አለች። ሽማግሌ ላከችባቸው፤ ራሷም ሄደች። መጡ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከድንኳኑ መሀል ተቀመጡ። የቀረበላቸውን በሉ። ከፊት ወንበር ላይ አቶ ሙሐመድዘይን ነበሩ፤ አሁንም ኃላፊዬ ናቸው፣ የዓመቱ የደረጃ እድገት ቅጼም ጠረጴዛቸው ላይ ነው። የመረቃው ሰዓት ሲደርስ ድንኳኑ በሙሉ እጁን ዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ አብዱልጀባር ዞረ። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ «ጋሼ፣ ለኔ ብለው» አልኳቸው።

«ቶፊቅ» አሉኝ፣ ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ። «ብመርቅህማ አይደርስህም። አፌ በሁለት አሚን ታስሯል። የአንደኛው ባለቤት ያው ከፊት ተቀምጧል፤ ከሱ አልጠብቅም። ከሁለተኛው ግን ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

ጉባኤው ሞልቷል። እናቴ አለች፣ ሙሽራዬ አለች፣ ኡምኩልሱም እንኳ በር ላይ ቆማለች። «አሚኔን መልሻለሁ» የምትለው ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማጉረስ የበለጠ ጊዜ አትወስድም። ቀና ብዬ ከፊት ወንበር ያሉትን ሰውዬ አየሁ። እሳቸውም አዩኝ፤ ፈገግ አሉ።

«ጋሼ ጉሮሯቸውን አሟቸዋል» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ሌላ ሰው ይመርቅልን።»